ምልልሱ የሚወስነው ውሃ
ስለ እሳት አደጋ መኪና ሲነሳ ሳይረኑና መሰላሉ ይታወሳሉ፤ እኔ የምጠይቀው ስለ ውሃው ነው። በአሜሪካ የተለመደው መኪና 1,900 ሊትር ያህል ይይዛል፤ አንድ ቱቦ በደቂቃ 570 ሊትር ሲረጭ ከሦስት ደቂቃ ብዙም ሳያልፍ ያልቃል። በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ይህ እምብዛም አያሰጋም፤ ቱቦው ከመንገድ ዳሩ የውሃ መስመር ጋር ይገናኛል። ለእርሻ በተከለለው የካውንቲው ገጠር ግን በብዙ ስፍራ መስመሩ ስለሌለ ውሃው በቦቴ ይመላለሳል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ወሳኙ የቦቴው ትልቅነት ብቻ ሳይሆን ምልልሱ ነው። 11,400 ሊትር የሚጭን ቦቴ ደርሶ መልሱ 20 ደቂቃ ከፈጀበት ያንኑ አንድ ቱቦ ብቻ ይመግባል። ፎቅ ላይ ሰው ቀርቶ ሁለተኛ ቱቦ ቢያስፈልግ ሌላ ቦቴ ያሻል፤ ብልህ አዛዥም ጭሱን ሳያይ፣ ገና በመንገድ ሳለ ይጠራዋል።