ቡሄ፥ የነሐሴ ዝናብና የቤት ታዛ
በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል ስለሚታየው ለውጥ

ቡሄ በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን የሚውል በዓል ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የደብረ ታቦር በዓል ይባላል፤ ጌታ በታቦር ተራራ ላይ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት ቀን መታሰቢያ ነውና። በሕዝቡ ልማድ ደግሞ የወንዶች ልጆች የዜማ፥ የግጥም፥ የጅራፍና የችቦ በዓል ሆኖ ኖሯል። ስለ ስሙ ትርጓሜ አንዳንዶች «ቡሄ ማለት ብርሃን፥ ገላጣ ማለት ነው» ሲሉ፥ ሌሎች ቡሖ ከሚለው ከሊጡ ስም ጋራ ያያይዙታል። እንደ መስቀልና እንደ ጥምቀት ያሉት ታላላቅ የአደባባይ በዓላት ሰማዩ መጥራት በጀመረበት ወይም ፈጽሞ በጠራበት ወራት ይውላሉ። ቡሄ ግን የሚውለው ዝናቡ በበረታበት ወር ነው። ስለዚህ ዝናብ ለዚህ በዓል ድንገተኛ እንግዳ ሳይሆን በየዓመቱ የሚጠበቅ ባላጋራ ነው።

ይህ ከሆነ ዘንድ፥ ቡሄ ከገባ በኋላ ክረምት እንደሌለ፥ ዶሮም ከጮኸ በኋላ ሌሊት እንደሌለ የሚናገረው የታወቀው ምሳሌያዊ አነጋገር እንዴት ይተረጐማል? በቤተ ክርስቲያን የዘመን አከፋፈል ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቀን ይቈያል፤ ጳጉሜን 5 ቀን በሆነችበት ዓመት ይህ 95 ቀን ነው። ቀኖቹ ሲቈጠሩ ነሐሴ 13 አርባ ስምንተኛው ቀን ሆኖ ይገኛል፤ ከፊቱ 47፥ ከኋላውም 47 ቀን አለ። እንግዲህ በዓሉ የሚውለው በክረምቱ መጨረሻ ሳይሆን በትክክለኛው አጋማሽ ላይ ነው። ነገር ግን ይኸው አከፋፈል ክረምቱን ራሱን በንኡሳን ክፍሎች ይለየዋል። ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 ያለው ክፍል የመብረቅ፥ የነጎድጓድና የወንዞች ሙላት ጊዜ ተብሎ ይታወቃል። ቡሄ ይህ ክፍል በተፈጸመ በአራተኛው ቀን ይውላል። ዶሮም የሚጮኸው ገና ጨለማ ሳለ ነው፤ ጩኸቱ ንጋቱ ራሱ ሳይሆን የንጋት ምልክት ነው። ምሳሌው ስለ ዝናቡ ማቆም ሳይሆን ስለ ክረምቱ መታጠፍ ይናገራል ማለት ነው።

የአየር ጠባይ ልኬትም ይህንኑ ያስረዳል። በአዲስ አበባ በዓመት በአማካይ ወደ 1,200 ሚሊሜትር የሚጠጋ ዝናብ ሲዘንብ፥ ከዚህ ውስጥ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የሚጎድለው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ይወርዳል። ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላና ወደ ማታ ይበረታል፤ አንዳንድ ጊዜም በረዶ የተቀላቀለበት ነው። ይህ ሰዓት ደግሞ በዋዜማው ችቦ የሚበራበትና ልጆች ከቤት ወደ ቤት የሚዞሩበት ሰዓት ነው።

የቡሄ ጥበብ ከዚህ ዝናብ ጋራ የሚታገል ጥበብ ነው። በበዓሉ ሰሞን ልጆች ጅራፍ ገምደው ያስጮኻሉ፤ ድምፁ በታቦር የተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ ነው ይባላል። ችቦው የብርሃኑ ምሳሌ ሲሆን፥ እንጨቱ እንዳይርስ አስቀድሞ ከጣራ ሥር መቀመጥ አለበት። ሙልሙል የሚባለው ዳቦ፥ እረኞች በተራራው ብርሃን ሳቢያ መምሸቱን ሳያውቁ በመስክ በቈዩ ጊዜ ወላጆቻቸው ይዘውላቸው የሄዱት እንጀራ መታሰቢያ እንደ ሆነ ይነገራል። በዓሉ ከነሐሴ 1 ቀን በሚጀምረው በጾመ ፍልሰታ ውስጥ ስለሚውል፥ ስጦታው ሥጋ ወይም ቅቤ ሳይሆን ዳቦ መሆኑ ከሥርዓቱ ጋራ ይስማማል።

«ሆያ ሆዬ» የሚባለው ዜማ አሠራሩ ቀላል ነው። አንዱ ልጅ ግጥሙን ያወጣል፤ ሌሎቹ በትራቸውን ምድር እየደበደቡ ይቀበሉታል። አውጪው የተለመዱትን ስንኞች ብቻ አይደግምም፤ የባለቤቱን ስም፥ የቤቱን ሁኔታ፥ የእመቤቲቱን ደግነት እያነሣ በዚያው ቅጽበት ይገጥማል። ስጦታው ሲሰጥም በምርቃት ይዘጋል። ስለዚህ ግጥሙ የሚነገርለት ሰው በቅርብ መኖርና መስማት አለበት። ዝናቡ በቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ ግን የአንድ ልጅ ድምፅ ይዋጣል፤ የረጠበ መሬትም የበትሩን ምት ይውጣል። በቀድሞው የአዲስ አበባ ቤት ይህን ችግር የሚያቃልለው ታዛው ነበር። ከግድግዳው ወጣ ያለው ጣራ ለጥቂት ልጆች መጠለያ ይሆናል፤ በሩም ከታዛው ሥር ስለሚከፈት ባለቤቱና ገጣሚው ፊት ለፊት ይተያያሉ። ዝናቡ ልጆቹን ከመንገድ ሲያባርር ወደሚዘፍኑለት ቤት ያቀርባቸው ነበር ማለት ይቻላል።

በቦሌና በከተማው ምሥራቃዊ ክፍል ይህ ሁኔታ ተለውጧል። በ1950ዎቹ ዓመታት የአውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ከተዛወረ በኋላ አካባቢው በሰፊው ተሠራ። በብዙው ስፍራ የተሠራው ቤት በግቢ ውስጥ ያለ፥ በከፍተኛ አጥርና በብረት በር የተከለለ ነው። ታዛ ቢኖረውም ከአጥሩ በስተ ውስጥ ነው፤ ልጆቹ ከዘበኛው ጋራ እንጂ ከባለቤቱ ጋራ አይገናኙም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ በገርጂ የሙከራ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠሩ፤ ቈይቶም በሰሚት፥ በአያት፥ በየካ አባዶና በቦሌ አራብሳ ብዙ ሺሕ ቤተሰቦች በፎቅ ላይ ሰፈሩ። በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ የተቋቋመው የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከእነዚህ ሰፈሮች ብዙዎቹን ይዟል። በእነዚህ ሕንፃዎች ዝናብ ሲመጣ ያለው መጠለያ ደረጃው ነው፤ በዚያም የበትር ምትና የብዙ ልጆች ድምፅ እርስ በርሱ እየተጋጨ ቃሉ አይለይም።

የመሬቱም አቀማመጥ ይጨመርበታል። የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን፥ የቦሌ ሜዳ ከፍታው ወደ 2,300 ሜትር ነው። በሰሜን የዘነበው ውሃ በቀበና፥ በትልቁ አቃቂና ወደ እነርሱ በሚገቡት ጅረቶች ወደ ደቡብ ይወርዳል። በምሥራቁ ሜዳ ያለው አፈር በብዙ ስፍራ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ይህ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፥ ውሃም ቶሎ አያሰርግም። ስለዚህ በልጅ እግር የሚያልፉ መንገዶች በነሐሴ ማታ ጭቃና ጎርፍ ይሆናሉ። አደጋው ቀላል አይደለም፤ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ቡሄ ሊውል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፥ በአዲስ አበባ የወረደው ከባድ ዝናብ በልዩ ልዩ ክፍሎች ጎርፍ አስነሥቶ የሰው ሕይወት አጥፍቷል። እንዲህ ባለ ሰሞን ወላጆች ልጆቻቸውን ከደጅ ቢከለክሉ አይፈረድባቸውም።

በሌላው ዓለም በክረምት የሚደረጉ የጥበብ በዓላት አሉ። በጃፓን በሳፖሮ ከተማ በ1950 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የበረዶ በዓል ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በዚያ ግን በረዶው የጥበቡ ዕቃ ነው፤ በዓሉን የሚያውከው ሙቀት ነው። ለቡሄ ዝናቡ ዕቃ አይደለም። ደግሞም ቡሄ በቀን የተወሰነ ስለ ሆነ ሰማዩ እስኪጠራ ተብሎ ለሌላ ሳምንት አይተላለፍም። በዝናብ ምክንያት የሚሆነው መሰረዝ ሳይሆን ማጠር ነው፤ የሚዞሩት ቤቶች ቍጥር ይቀንሳል፥ ግጥሙ ወደ ተለመዱት ጥቂት ስንኞች ይሰበሰባል፥ በሙልሙሉም ፈንታ ቶሎ የሚሰጥ ገንዘብ ይተካል።

በዚህ ማጠር በመጀመሪያ የሚጠፋው ዜማው አይደለም፤ ዜማው በራዲዮና በቴሌቪዥን፥ በመድረክም ላይ ይሰማል። የሚጠፋው ለአንድ ቤት፥ ለአንድ ሰው፥ በዚያች ሰዓት የሚገጠመው ግጥም ነው። ልጅ ያለ ጽሑፍ መግጠምን፥ ሰውን በስሙ ጠርቶ ማወደስንና መመረቅን የሚለማመደው በዚህ ነበር። በጋራ መኖሪያ ሰፈሮች እንደ እርድና እንጀራ መጋገር ላሉ ሥራዎች ታስበው የተሠሩ የጋራ መገልገያ ቤቶች ስላሉ፥ በዓሉ በእነርሱ ቢሰበሰብ ልጆቹን ከዝናብ ያድናቸዋል። ነገር ግን ሁሉም በአንድ ጣራ ሥር ለሁሉም ሲዘፈን፥ ግጥሙ የሚነገርለት ባለቤት አይኖርም። ለዚህ ጥበብ የሚያስፈልገው መጠለያ ከአዳራሽ ያነሰ ነው፤ በየደጁ አምስት ስድስት ልጆች አንድ ግጥም እስኪፈጸም የሚቆሙበት፥ በሩም ወደ እነርሱ የሚከፈት ታዛ ነው።