ለሽሮ ሜዳ ነጋዴ የጎደለው ባለሙያ ነው

በእንጦጦ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ ላይ የሀበሻ ቀሚስና ጋቢ የሚሸጥ ነጋዴ ኮምፒውተር ሲገዛ፣ ብዙ ጊዜ አብሮ የሚሰጠው ያለ ፈቃድ የተገለበጠ ዊንዶውስና ኦፊስ ነው። ስላልከፈለበት ነጻ ይመስለዋል፤ ቫይረስ የገባበት ዕለት ግን ኮምፒውተሩ ፎርማት ይደረግና የዱቤ መዝገቡ አብሮ ይጠፋል። ማንም ያለ ክፍያ የሚጠቀምበት፣ ኮዱንም ማንኛውም ባለሙያ ከፍቶ የሚያስተካክለው ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር መኖሩን ብዙ ጊዜ የሚነግረው የለም። ከእነዚህ አንዱ፣ በኦፊስ ምትክ የሚያገለግለውና እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረው ሊብሬኦፊስ፣ በአማርኛ ጭምር ይሠራል። በሠንጠረዡ አንዱ ዓምድ ለጥለቱ ዓይነት፣ አንዱ ለሸማኔው ለተከፈለው፣ አንዱ ለደንበኛው ቀሪ ዕዳ ቢመደብ የደብተሩን ሥራ ይሠራል፤ ድምሩንም ራሱ ያወጣል።

«በነጻ የመጣ ነገር ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?» የሚለው ስጋት ተገቢ ነው። ግን የተገለበጠውንስ ማን ይጠግነዋል? ኩባንያው አይመጣም፤ የሚመጣው የሰፈሩ ጠጋኝ ነው። ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 ክፍት ምንጭ ነው፤ እሱም ቢሆን የሠለጠነ ሰው ካልያዘው አይሠራም። እርግጥ ለታክስ የተፈቀደውን የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ሊብሬኦፊስ አይተካም። ለቀረው ሥራ ግን ነጋዴው ለፈቃድ የማይከፍለውን ገንዘብ ለሥልጠናና ለጥገና ቢያውለው ያዋጣዋል። የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎችም ለትብብር ሥልጠና ሲወጡ፣ ከእነዚህ ሱቆች ቢጀምሩ ጥሩ ነው።