በሪል ታይም ሊኑክስ ድራይቨሮች ውስጥ የሚያስጠብቁ ጥሪዎችን ስለ መመርመር

ከሮቤና ከጎባ በስተ ምዕራብ፣ በዋቤ ሸበሌ ወንዝ ላይ የተሠራው የመልካ ዋከና ኃይል ማመንጫ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሥራ ጀመረ፤ አቅሙም 153 ሜጋዋት ነው። ለምሳሌ እንዲሆነን እርሱን እንውሰድ። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ አንዱ ምልልስ 20 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል። መስመሩ በድንገት ቢቋረጥ፣ ተርባይኑ ሸክሙን አጥቶ ከልኩ በላይ እንዳይፈጥን ውሃው በጊዜው መቀነስ አለበት። ይህን የመሰለ ሥራ ለኮምፒዩተር የሚሰጥ ሰው፣ ትእዛዙ ብዙውን ጊዜ ፈጥኖ ሳይሆን ምን ጊዜም ከተወሰነለት ሰዓት ሳያልፍ እንዲፈጸም ይሻል። ሪል ታይም የሚባለውም ይኸው ነው።

ለዚህ የታሰበው ፕሪኤምፕት አርቲ የተባለው ማሻሻያ 20 ዓመት ያህል ከዋናው ሊኑክስ ውጭ ሲዘጋጅ ቆይቶ በ2024 እ.ኤ.አ. በ6.12ኛው እትም ተጠቃለለ። በተራው ሊኑክስ፣ ስፒንሎክ የተባለውን ቁልፍ የሚጠብቅ ሥራ ፕሮሰሰሩን እንደ ያዘ ይጠብቃል። በሪል ታይሙ ግን ይተኛል፤ የከርነሉ ተራ አስከባሪም ፕሮሰሰሩን ለሌላ ሥራ ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ድራይቨር አስቀድሞ ኢንተረፕትን ዘግቶ ቀጥሎ ይህን ቁልፍ ቢጠይቅ፣ በቀድሞው ከርነል ነቀፌታ የሌለበት ሆኖ ሳለ፣ በአዲሱ መተኛት በተከለከለበት ስፍራ ይተኛል።

ምርመራውን በሦስት ደረጃ እንከፍለዋለን። በመጀመሪያ፣ ከርነሉ ሲገነባ ያላግባብ መተኛትን የሚያጋልጠውን መቆጣጠሪያና የቁልፎችን አያያዝ የሚመረምረውን ሎክዴፕን መክፈት ነው፤ እነዚህ ጥፋቱ የተፈጸመበትን የጥሪ ሰንሰለት ይዘግባሉ። ሁለተኛ፣ ኤፍትሬስ በተባለው መከታተያ ኢንተረፕት ለምን ያህል ጊዜ ተዘግቶ እንደ ቆየ መለካት ነው። ሦስተኛ፣ ዲስኩና መረቡ በሥራ ተጨናንቀው ሳሉ ሳይክሊክቴስት የተባለውን መለኪያ ማስኬድ ነው። እዚህ ላይ መታየት ያለበት አማካዩ ሳይሆን ከሁሉ የረዘመው መዘግየት ነው።

መጠገኛው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፦ አላስፈላጊውን የኢንተረፕት መዝጋት ማስወገድ፣ ወይም ረጅሙን ሥራ ቅድሚያው ተወስኖለት በተራው ወደሚሠራ ትሬድ ማዛወር። የማይተኛውን ሮው ስፒንሎክ መጠቀም የሚገባው ከራሱ ከመሣሪያው ጋር ለሚነጋገሩ ጥቂት መስመሮች ብቻ ነው። ቁልፉን ሁሉ ወደ ሮው የሚለውጥ ሰው ማስጠንቀቂያውን ዝም ያሰኛል፤ ነገር ግን መዘግየቱን ወደ ሌሎቹ ሥራዎች ያስተላልፋል፤ ምናልባትም ውሃውን ወደሚቀንሰው ትእዛዝ።