ጣሪያ ወደ ላይም ይወድቃል

እሽቅድምድም ለደብረ ታቦር ብርቅ አይደለም፤ ጥር 25 የመርቆሬዎስ ዕለት የፈረስ ጉግሱን ያየ ያውቀዋል። ጎ ካርት ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 አርት ኢንግልስ የተባለ የካሊፎርኒያ ሰው ከሠራት ትንሽ ተሽከርካሪ የጀመረ ስፖርት ሲሆን፣ መኪናዋ ጣሪያም በርም የላትም። የጉና ብርድና የክረምት ዝናብ ባለበት አገር ዓመቱን ሙሉ ይነዳ ከተባለ ቤት ውስጥ መግባት አለበት። ቤቱ ደግሞ መሐሉ ላይ ምሰሶ አይኖረውም። ምክንያቱን ማስረዳት አያስፈልግም።

እንዲህ ያለውን ቤት የሚሰጠን «ሼድ» እያልን የምናቃልለው የብረት ሕንፃ ነው። የእህል መጋዘን፣ የዱቄት ፋብሪካ፣ ጋራዥ ሆኖ ሲያገለግለን ቀና ብሎ የሚያየው የለም። 30 ሜትር ያለ ምሰሶ መሻገር ግን ለእሱ ተራ ሥራ ነው። ሁለት እግርና ሁለት ወጋግራ በብሎን ይጋጠማሉ፤ ይኸው ክፈፍ በየ6 ሜትሩ ይደጋገማል፤ በላዩ ሠራተኞቹ ፐርሊን የሚሉት ማገር፣ በማገሩ ላይ ኢጋ ቆርቆሮ። አለቀ። ትላልቁ ብረት ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በተሳቢ ስለሚመጣ፣ ክፈፉ ሲነደፍ እዚህ ደርሶ በብሎን እንዲቀጠል ተደርጎ ነው። (ጋፋት ላይ የተቀለጠው መድፍ፣ ሴባስቶፖል፣ ወደ መቅደላ ሲጎተት ወራት ፈጅቷል።)

አሁን ወደምወደው ጉዳይ ልግባ። ሼድ የሚያሠራ ሰው ሁልጊዜ የሚጠይቀው «ይህ ጣሪያ ይሸከማል?» ብሎ ነው። በረዶው ቢከመርበትስ? ሰው ቢወጣበትስ? ጥያቄው አይከፋም፤ ግን ግማሽ ነው። እንዲህ ያለ ቀላል ጣሪያ ወደ ታች ከመውደቁ ይልቅ ወደ ላይ መነሳቱ ያሰጋል።

በቁጥር እንየው። እ.ኤ.አ. የ1995ቱ የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ መነሻ ያደረገው የንፋስ ፍጥነት በሰከንድ 22 ሜትር ነው፤ በሰዓት ወደ 80 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ባሕር ጠለል ላይ ይህ ንፋስ አንድ ካሬ ሜትርን በ30 ኪሎ ያህል ይገፋል። ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቶ ግፊቱ ወደ 22 ኪሎ ይወርዳል። ቆርቆሮውና ማገሩ ግን አንድ ላይ 10 ኪሎ እንኳ አይሞሉም። ንፋሱ ጣሪያውን ሲሻገር ከላይ ይስባል፤ ትልቁ በር ተከፍቶ ከሆነ ደግሞ ገብቶ ከውስጥ ወደ ላይ ይገፋል። ዣንጥላ በንፋስ ሲገለበጥ ያየ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ አይቷል። ገላጣ ሜዳ ላይ ከፍ ብሎ ለቆመ ሕንፃ፣ የንፋሱን ውርጅብኝ ጨምረን ስናሰላ፣ በካሬ ሜትር ከ50 ኪሎ በላይ ወደ ላይ ሊስብ ይችላል። ዋናውን ክፈፍ ብንደምርበት እንኳ የጣሪያው ክብደት የዚያን ግማሽ ቢሆን ነው። ትርፉ 30 ሜትር በ6 ሜትር ሲባዛ፣ በአንዱ እግር ላይ ሁለት ቶን ያህል ወደ ላይ የሚጎትት ኃይል ይወጣዋል።

ስለዚህ በእግሩ ሥር የምንቀብረው ኮንክሪት ሕንፃውን የሚሸከም ብቻ ሳይሆን ወደ ታች ይዞ የሚያስቀር ነው። 1 ሜትር ኩብ ኮንክሪት 2.4 ቶን ይመዝናል፤ «ቤቱ ቀላል ነው፣ ትንሽ ጉድጓድ ይበቃዋል» የሚል ሰው የዘነጋው ይህንን ነው። ቆርቆሮውም መጀመሪያ የሚላቀቀው ከማዕዘንና ከጠርዝ ስለሆነ፣ እዚያ ብሎኑ መብዛት አለበት። በየቦታው እኩል የሚመታው ለዓይን ውበት ካልሆነ ለምንም አይጠቅም።

አንድ መጋዘን ገብቼ በጎን ግድግዳው በመስቀል የተወጠሩት ዘንጎች በመፍጫ ተቆርጠው አገኘሁ። የአንደኛው ጉማጅ አሁንም ከእግሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ጠባቂው «መኪና እንዳያስገባ ዘግቶብን ነው» አለኝ። እነዚያ ዘንጎች ክፈፎቹ በርዝመቱ በኩል ተያይዘው እንዳይጋደሙ የሚይዙ ናቸው። በር ሲያስፈልግ መሐንዲሱ ዘንጉን ወደ ሌላ ክፍል ያዞረዋል፤ መፍጫ ያነሳ ሰው ግን አያዞረውም። እባካችሁ አትቁረጡ!

የጎ ካርት አዳራሽ ከመጋዘን የሚከብደው በሩን መዝጋት ስለማይቻል ነው። የቤንዚን ሞተር ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይተፋል። በዚህ ከፍታ ሞተሩ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ ካርቡሬተሩ ካልተስተካከለም ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛና መርዙ ይጨምራል። የሚተነፍሰው ሰውም ቀድሞውኑ የሚያገኘው ኦክስጅን አነስተኛ ነው። አየር ለማስገባት በሩን ከከፈትን ደግሞ ያው ንፋስ ጣሪያውን ከውስጥ ይገፋዋል። ስለዚህ ስሌቱ ገና ከመነሻው በሩ ክፍት እንደሆነ መያዝ አለበት፤ ጭሱን የሚያወጣው ማራገቢያ ታልሞ ሊገባ ይገባል። እኔ ብጠየቅ በባትሪ የሚሄደውን እመርጣለሁ። ከፍታ አያደክመውም፣ ጭስም የለውም።

ስለ ቆርቆሮ አንድ ነገር ብቻ፦ የጌጅ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። 35 ከ28 ይበልጣል ብሎ የገዛ ሰው ስስ ቆርቆሮ ይዞ ሄዷል።

ሼድ ልታሠሩ ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሠሪውን ሁለት ነገር በወረቀት ጠይቁት፦ በሩ ተከፍቶ በአንዱ እግር ላይ ስንት ኪሎ ወደ ላይ እንደሚጎትት፣ ያንንም የሚይዘው ኮንክሪትና ብሎን ስንት እንደሆነ። «ችግር የለም፣ ስንት ሠርተናል» ካላችሁ ሌላ ሠሪ ፈልጉ።