የዓለም ችግር ሲገዝፍ ሰው ለምን ይፈዝዛል?

ጦርነት፣ የአየር ንብረት መዛባትና የኑሮ ውድነት በየሰዓቱ ዜና ሆነው ሲግተለተሉ ብዙ ሰው «እኔ ምን ላደርግ እችላለሁ?» ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ይህን ስንፍና ወይም ግድ የለሽነት ብሎ መውቀስ የተለመደ ቢሆንም ወቀሳው ፍትሐዊ አይደለም። በ1967 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ሊያስቆሙት በማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት የተሠቃዩ ውሾች በኋላ ማምለጫ ቢበጅላቸውም ብዙዎቹ ከቦታቸው እንደማይነሡ አሳዩ። ያኔ የተሰጠው ትርጓሜ እንስሳቱ አቅመ ቢስነትን ተምረዋል የሚል ነበር። በ2016 ግን ሁለቱ ምሁራን የገዛ ድምዳሜያቸውን ገለበጡት። አንጎል ለተራዘመ መከራ የሚሰጠው የመጀመሪያ ምላሽ መፍዘዝ ነው፤ በልምድ የሚገኘው «የማደርገው ነገር ለውጥ ያመጣል» የሚለው እምነት ነው። እንግዲህ የፈዘዘ ሰው የሚያስፈልገው ተግሣጽ ሳይሆን የድካሙን ፍሬ በዓይኑ የሚያይበት ሥራ ነው።

ግዙፍ ቁጥር ደግሞ ይህን ፍሬ ይሸፍነዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፖል ስሎቪክና ባልደረቦቹ በ1997 ባወጡት ጥናት የተጠየቁ ሰዎች፣ 4,500 ሩዋንዳውያን ስደተኞችን ማዳን 250,000 ሰው ካለበት መጠለያ ይልቅ 11,000 ባለበት የበለጠ ጥቅም አለው አሉ። የሚድነው ነፍስ በሁለቱም ዘንድ እኩል ነው። ያልዳኑት መብዛት የዳኑትን መጋረዱ እጅግ ያሳዝናል።

እንግዲህ ፍሬው በዓይን የሚታየው ትንሽ ሥራ ነው። ትንሽ ሥራ ኅሊናን ያስተኛል እንጂ የመንግሥታትንና የታላላቅ ኩባንያዎችን ጥፋት አይነካም የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ አንድ ቤተሰብ ፌስታል ስለተወ የምድር ሙቀት አይበርድም። ነገር ግን ትንንሹ ሥራ ሲያያዝ ምን እንደሚያደርግ ከፈንጣጣ ታሪክ ማየት ይቻላል። በ1971 በኢትዮጵያ በተጀመረው ዘመቻ ሠራተኞች በእግርና በበቅሎ እየተጓዙ በሽተኛ ያለበትን መንደር ፈልገው በዙሪያው ያለውን ሰው ከተቡ። አንድ ከታቢ በሽታውን ከዓለም ሊያጠፋ አይችልም፤ በዚያ መንደር እንዳይዛመት ማድረግ ግን ይችላል፣ ውጤቱንም ያያል። በሀገራችን የመጨረሻው ታማሚ በ1976 ተገኘ፤ በ1980 የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አወጀ። «ፈንጣጣ ክትባት ነበረው፤ ለአየር ንብረት መዛባት ግን ክትባት የለም» ይባል ይሆናል። ክትባቱ እኮ ከ1796 ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ለዘመናት የጎደለው ዋና ነገር ሥራውን በየመንደሩ ከፋፍሎ መልሶ የሚያያይዝ ቅንጅት ነው።

ስለዚህ ከሚያስጨንቃችሁ ጉዳይ አንዱን ምረጡ፤ በዚያ ላይ የሚሠራ ማኅበር ፈልጋችሁ ተቀላቀሉ፤ በየወሩም ምን እንደተለወጠ ጠይቁ።