ሞረድ የነካው ምላጭ፦ የጠመንጃ የደኅንነት ቁልፍ ለምን ይከዳል?

«ሴፍቲውን እኮ አልነካሁትም! ታዲያ እንዴት ብሎ በራሱ ተኮሰ?» በቤት ውስጥ የተሻሻለ ጠመንጃ አደጋ ሲያደርስ ወይም ለጥቂት ሲስት ደጋግሞ የሚሰማ ጥያቄ ነው። ሰውየው እውነቱን ነው፤ የደኅንነት ቁልፉን አልነካውም። የነካው ምላጩን ነው። ምላጩ ከበደኝ ብሎ በሞረድ ሞርዶታል፣ ወይም ሞላውን ቆርጦ አሳጥሮታል፣ ወይም የፋብሪካውን ብሎን በካቻቢቴ አላልቶታል። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምላጩን የነካ ሰው ቁልፉንም እንዴት እንደነካ ማሳየት ነው። ጉዳዩ የጠመንጃ ቢሆንም ለመካኒካል ተማሪ የሚሰጠው ትምህርት ከጠመንጃ ያለፈ ነው።

በመጀመሪያ ውስጡን እንይ

በአብዛኛው የአደን ጠመንጃ ውስጥ በጠንካራ ሞላ ወደ ፊት የሚገፋ መቺ ዘንግ አለ። ይህ ዘንግ ከተለቀቀ የጥይቱን ቂጥ መትቶ ያፈነዳዋል። እንዳይለቀቅ የሚይዘው አንድ ትንሽ የብረት ጥርስ ነው፤ ለዚህ ጽሑፍ «ያዥ ጥርስ» እንበለው። ያዥ ጥርሱ ደግሞ የተቀመጠው በምላጩ ጫፍ ላይ ነው። ሁለቱ ብረቶች የሚደራረቡበት ስፋት ብዙ ጊዜ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ምላጩ ሲሳብ ጫፉ ከሥር ይሸሻል፣ ጥርሱ ይወድቃል፣ ዘንጉ ይለቀቃል። በቃ፣ ተኩስ ማለት ይኸው ነው።

የደኅንነት ቁልፉስ የት አለ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሁሉም ቁልፍ አንድ ዓይነት አይደለም። በ1898 እ.ኤ.አ. የወጣው ማውዘር ጠመንጃ ቁልፉ መቺውን ዘንግ ራሱን ወደ ኋላ ይዞ ያስቀምጠዋል፤ ስለዚህ ምላጩ ቢበላሽም እንኳ ቁልፉ እንደተዘጋ ዘንጉ አይንቀሳቀስም። በሌሎች ብዙ ጠመንጃዎች ግን ቁልፉ የሚያግደው ምላጩን ወይም ያዥ ጥርሱን ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ቁልፍ የሚተማመነው እነዚያ ሁለት ብረቶች ልክ ፋብሪካው እንዳስቀመጣቸው በመሆናቸው ነው። እነሱ ከተዛቡ ቁልፉ የሚጠብቀው ባዶ ቤት ነው።

ችግሩ የሚፈጠርባቸው መንገዶች

አንደኛው የማዕዘን መለወጥ ነው። ሁለቱ ብረቶች የሚገናኙበት ማዕዘን ጥርሱ ምላጩ ላይ ተረጋግቶ እንዲቀመጥ ተደርጎ የተሠራ ነው። በእጅ በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት የሚሠራ ሰው ማዕዘኑን አንድና ሁለት ዲግሪ ቢያዛባ የሞላው ግፊት ጥርሱን ከቦታው ማንሸራተት ይጀምራል። ጠመንጃው ሲወድቅ ወይም መዝጊያው በኃይል ሲዘጋ ተንሸራቶ ይለቀቃል። በአሜሪካ በ1926 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የጦር መሣሪያና ጥይት አምራቾች ተቋም፣ ሳሚ፣ መሣሪያዎች 1.2 ሜትር ከሚሆን ከፍታ ወድቀው እንዳይተኩሱ የሚፈተኑበት ስታንዳርድ ያለው ለዚህ ነው። ቤት ውስጥ የተሞረደው ግን ያንን ፈተና እንደገና አልወሰደም።

ሁለተኛው የጠጣሩ ቆዳ መነሳት ነው። በብዙ ጠመንጃዎች እነዚህ ክፍሎች የሚጠጥሩት ላያቸው ላይ ብቻ ነው፤ ጠጣሩ ሽፋን ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ሲሆን ውስጡ ለስላሳ ነው። ሞረዱ ሽፋኑን ካነሳው ለስላሳው ብረት ይጋለጣል። አደገኛነቱ ደግሞ ወዲያው አለመታየቱ ነው። የመጀመሪያው ቀን ምላጩ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል፣ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ከብዙ ተኩስ በኋላ ግን ጠርዙ ተበልቶ ይንሸራተታል።

ሦስተኛው የመላሽ ሞላ መድከም ነው። ምላጩን ቀላል ለማድረግ ሞላው ሲቆረጥ የሚቀንሰው የመሳቢያው ኃይል ብቻ ሳይሆን ምላጩን ወደ ቦታው የሚመልሰው ኃይልም ነው። ትንሽ አቧራ፣ የደረቀ ዘይት ወይም ብርድ ሲጨመርበት ምላጩ በከፊል ተመልሶ ይቀራል።

አራተኛው እንጨቱ ሲቀየር የሚመጣ ነው። አዲሱ እንጨት በትክክል ካልተፈለፈለ ምላጩን ወይም የቁልፉን ክንድ ይነካካል። ያኔ ቁልፉ የተዘጋ ይመስላል እንጂ እስከ መጨረሻው አልሄደም።

ከታሪክ አንድ ምሳሌ

ሦስተኛውን ችግር በደንብ የሚያስረዳ የታወቀ ጉዳይ አለ፤ የአሜሪካው ሬሚንግተን 700። በ1962 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ጠመንጃ «ዎከር» የሚባለውን የምላጭ አሠራር ይጠቀም ነበር። በምላጩና በያዥ ጥርሱ መካከል በሞላ ብቻ የተደገፈች ትንሽ ማገናኛ ብረት ነበረች። በእያንዳንዱ ተኩስ ከምላጩ ትለያለች፣ ከዚያም ትመለሳለች። ቁልፉ ሲዘጋ ደግሞ ያዥ ጥርሱን ከማገናኛዋ ላይ ወደ ላይ ያነሳዋል። አሁን አስቡት፦ ጥርሱ ተነስቶ ሳለ ማገናኛዋ በቆሻሻ ወይም በሌላ ምክንያት ሳትመለስ ብትቀርስ? ቁልፉ ሲከፈት ጥርሱ የሚያርፍበት ያጣል። ጠመንጃው ማንም ምላጩን ሳይስብ ይተኩሳል።

በ1982 እ.ኤ.አ. ይህ አሠራር እስኪቀር ድረስ ደግሞ ቁልፉ ሲዘጋ መዝጊያውም አብሮ ይቆለፍ ነበር። ጥይት ለማውጣት የግድ ቁልፉን መክፈት ያስፈልጋል ማለት ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. በሞንታና ግዛት አንዲት እናት ጥይት ለማውጣት ቁልፉን ስትከፍት ጠመንጃው ተኩሶ የ9 ዓመት ልጇን ገደለ። ኩባንያው የአሠራር ጉድለት የለበትም ብሎ ሲከራከር፣ ለእንዲህ ዓይነት አደጋዎች ከሚያቀርባቸው ምክንያቶች መካከል ባለቤቶች ምላጩን መነካካታቸውና በደንብ አለመጠበቃቸው ይገኙበት ነበር። ከሳሾች በበኩላቸው ጥፋቱ የዲዛይኑ ነው አሉ። ጉድለት መኖሩን ኩባንያው ሳያምን ምላጮችን በነፃ ለመቀየር የተደረሰውን የስምምነት ውል ፍርድ ቤት በ2017 እ.ኤ.አ. አጸደቀው። አዲሱ ምላጭ «ኤክስ ማርክ ፕሮ»ም ቢሆን ከችግር አላመለጠም፤ ሲገጣጠም የተጨመረበት ማጣበቂያ በዝቶ በመገኘቱ በ2014 እ.ኤ.አ. ተጠርቶ ተመልሷል። ልብ በሉ! ሙሉ ፋብሪካና መሐንዲሶች ያሉት ድርጅት በማጣበቂያ ጠብታ ከተሳሳተ በሞረድ የሚሠራ ሰው ምን ሊሆን ነው?

ምልክቱ ሲታይ ምን ይደረግ?

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ቁልፉ ሲከፈት መተኮስ፣ መዝጊያው ሲዘጋ ወይም ሲከፈት መተኮስ፣ ሲመታ መተኮስ፣ ምላጩ ተስቦ አለመመለስ፣ የቁልፉ ክንድ መላላት። አንዱ እንኳ ከታየ ጠመንጃው በዚያው ሰዓት ከአገልግሎት ይወጣል።

ጥይት ማውጣቱ ራሱ አደገኛ መሆኑን መርሳት አይገባም። አፈሙዙ ሰው፣ እንስሳም ሆነ ቤት ወደሌለበት ለስላሳ አፈር ይዞር፤ ጣት ከምላጩ ይራቅ። አሠራሩ ከፈቀደ ቁልፉ እንደተዘጋ መዝጊያው ይከፈት። ካዝናውም ጥይቱ የሚጎርስበት ቤትም ባዶ መሆኑ በዓይንና በጣት ይረጋገጥ፤ ጥይቱም ከክፍሉ ይውጣ።

ከዚህ በኋላ ባዶውን መሣሪያ መፈተሽ ይቻላል። ቁልፉን ዘግቶ ምላጩን መሳብ፣ ምላጩን መልቀቅ፣ ከዚያ ቁልፉን መክፈት። በዚህ ጊዜ መቺው ዘንግ ቀጭ ብሎ ከወደቀ ችግሩ ከላይ የተገለጸው ነው። መዝጊያውን ጠንከር አድርጎ መዝጋትም ሌላ ፈተና ነው። ሆኖም ፈተናው ችግር መኖሩን ሊያሳይ ይችላል እንጂ ችግር አለመኖሩን አያረጋግጥም። መቶ ጊዜ ደህና መሆኑ ለመቶ አንደኛው ዋስ አይሆንም፤ አቧራውና ብርዱ ሁልጊዜ አንድ አይደሉምና። በእውነተኛ ጥይት መሞከርማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው።

ጥገናውስ? የተሞረደን እንደገና በመሞረድ ማስተካከል አይቻልም፤ የተነሳ ብረት አይመለስም። የምላጩ ክፍል ሙሉ በሙሉ በኦሪጅናሉ ይተካ፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያም ገጥሞ ይፈትነው። ለባለሙያውም የተደረገው ለውጥ ሳይደበቅ ይነገረው፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንዲሉ።

ስናጠቃልል

እኛ የመካኒካል ተማሪዎች ነገ ጠመንጃ ሳይሆን ፍሬን፣ ሊፍት ወይም ቦይለር እንነካ ይሆናል። በሁሉም ውስጥ በራሱ የቆመ የሚመስል፣ ነገር ግን በሌላ ክፍል ልክነት ላይ የተደገፈ መጠበቂያ አለ። ስለዚህ አንድን ክፍል ከመለወጣችን በፊት «ይህ ይሠራል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። «በዚህ ክፍል ላይ ተማምኖ የተቀመጠው ሌላው ማን ነው?» ብለንም እንጠይቅ። ጥያቄው የሚወስደው ደቂቃ ነው፤ ሳይጠየቅ ሲቀር ግን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ሞረዱን የያዘው ሰው ሳይሆን አጠገቡ የቆመው ነው።