«ማት» የሚባለውን የደብዳቤ ፕሮግራም ስለ ማሰናዳት

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ነንና ስለ ኮምፒዩተር ብዙ እናውቃለን ብለን አንመካም። ነገር ግን የኢንተርኔቱ መስመር በደከመ ቁጥር፥ በሥዕል የተሞላው የኢሜይል ገጽ እስኪከፈት መጠበቅ ቢያስመርረን፥ ጽሑፍ ብቻ ወደሚያሳየው ወደ «ማት» ፊታችንን መለስን። ይህን ፕሮግራም ማይክል ኤልኪንስ የተባለ ሰው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1995 ጻፈው። ስሙ በእንግሊዝኛ ድቅል ውሻ ማለት ነው፤ ፊደሉን አይተው «ሙት» ብለው ያነበቡ ጓደኞቻችን ግን ገና ሳንጀምር ሣቁብን።

መጀመሪያ የከፈትነው ገጽ ባዶ ነበር። «ማት» የማንን ደብዳቤ ከየት እንደሚያመጣ ማንም አልነገረውምና። ትእዛዙ ሁሉ የሚጻፈው «ማትአርሲ» በሚባል አንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ነው። የፋይሉ ስም በነጥብ ስለሚጀምር በተራው ዝርዝር ውስጥ አይታይም፤ እኛም ጠፋብን ብለን ብዙ ፈልገነዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፥ ደብዳቤ መቀበልና ደብዳቤ መላክ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ነው። የመቀበያው ሥርዓት «አይማፕ» ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ የሚገባበት በር ቁጥሩ 993 ነው። የመላኪያው ሥርዓት «ኤስኤምቲፒ» ይባላል፤ በሩም 587 ወይም 465 ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን ያነበበ ሰው መልስ መላክ ቢያቅተው አይደነቅ፤ አንዱን መልእክተኛ ቀጥሮ ሁለተኛውን ረስቷል ማለት ነው። ሦስተኛው ሥራ መጻፍ ነው፤ ለዚህም «ማት» እንደ «ናኖ» ወይም እንደ «ቪም» ያለውን መጻፊያ ይጠራል።

የአማርኛ ደብዳቤ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ቢታይ ላኪውን አንውቀሰው። ፊደላችን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ተርሚናሉ በ«ዩቲኤፍ 8» እንዲሠራ ማዘዝና የግእዝ ፊደል ያለበትን ፎንት መጫን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ትልቁ ስሕተታችን ግን ሌላ ነው። የመግቢያ ቃላችንን በዚያው ፋይል ውስጥ በግልጽ ጽፈን ነበር። አንድ ጓደኛችን ሊገለብጠው ቢጠይቀን ደስ ብሎን ሰጠነው፤ የውጭ አገር ትምህርት ዕድል ማመልከቻችን ሁሉ የሚገኝበትን ሣጥን ቁልፍ አብረን እንደ ሰጠነው አላሰብንም። እርሱ ቅን ሰው ስለ ሆነ ማታውኑ መጥቶ ነገረን። በዚያች ሌሊት ቃሉን ለወጥነው።

ስለዚህ የመግቢያ ቃሉ ለብቻው፥ «ጂፒጂ» በሚባለው ፕሮግራም ተቈልፎ ይቀመጥ። ደግሞም ጂሜይል ተራውን የመግቢያ ቃል ከዚህ ፕሮግራም አይቀበልም። ሁለት ደረጃ ያለውን የማንነት ማረጋገጫ የከፈተ ሰው ለ«ማት» ብቻ የሚሆን ልዩ ቃል ማውጣት ይችላል፤ ይህ ቃል ቢሰረቅ እርሱን ብቻ መሰረዝ ይቻላል።

በመጨረሻ የምንመክረው፥ አሥር መስመር በአንድ ጊዜ ከመጻፍ አንድ መስመር ጨምሮ መሞከር ይሻላል፤ ያለዚያ የትኛው መስመር እንዳበላሸ አይታወቅም። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ለራስ መላክ ነው። ግራ ያጋባ ነገር ሲኖር የጥያቄ ምልክቱን ቢጫኑት «ማት» ትእዛዞቹን ይዘረዝራል።

የእኛን ፋይል የሚፈልግ ጓደኛ ቢኖር ዛሬም አንከለክልም፤ ቁልፉ ግን ውስጡ የለም።